ካፌ ውስጥ የግጥም ምሽት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካፌ ውስጥ ግጥም ሊሰሙ ወይም ሊያነቡ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ መልሻለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካፌ የግጥም ምሽት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰዎች ካፌ ውስጥ ተሰብስበው ግጥም የሚያነቡበትና የሚያዳምጡበት ምሽት ነው። በቃ። አዳራሽ የለውም፣ መጋረጃ የለውም። አንድ መድረክ መሪ አለ፣ አንድ ማይክ አለ (አንዳንዴ እሱም የለም)፣ ጠረጴዛዎቹ ገፋ ገፋ ተደርገው ለአንባቢው መቆሚያ ተለቅቋል፣ የቀረው ሰው ቡናውን ይዞ ተቀምጧል።

ዓይነቱ ግን ይለያያል። አንዱ ኦፕን ማይክ ነው፦ የፈለገ ሰው ስሙን ያስመዘግባል፣ ተራው ሲደርስ ያነባል። ሌላው የተጋበዘ ገጣሚ ረዘም አድርጎ የሚያነብበት ነው። ስላም የሚባለው ደግሞ ውድድር ነው፤ እሱን ወደ ታች አብራራዋለሁ። ብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቀላቅለው ያቀርባሉ።

ግጥም አልጽፍም፣ ብዙም አላነብም። መሄድ እችላለሁ?

አዎ፣ እንዲያውም የሚፈለገው እንደ እናንተ ዓይነቱ ሰው ነው። ክፍሉ በሙሉ በገጣሚ የተሞላ ከሆነ እያንዳንዱ የራሱን ተራ እየጠበቀ፣ የራሱን ወረቀት እያገላበጠ ስለሚቀመጥ ጆሮው ግማሽ ነው። ምንም ሊያነብ ያልመጣ፣ ሊሰማ ብቻ የመጣ ሰው ፊት ላይ የሚታየው ነገር ሌላ ነው። እኔ ሳነብ ዓይኔ የሚፈልገው እንደዚህ ያለውን ሰው ነው።

«ምን አውቄ ልሰማ» የሚለውን ተዉት። ግጥም ትምህርት ቤት ውስጥ «የገጣሚው መልእክት ምንድን ነው?» በሚል የፈተና ጥያቄ ስለቀረበልን ብዙዎቻችን ፈርተነው ነው ያደግነው። ካፌ ውስጥ ማንም አይፈትናችሁም።

እንዲህ ዓይነት ምሽት የት እንዳለ እንዴት አገኛለሁ?

በቀጥታ ካፌ ገብቶ መጠየቅ ከሁሉም ይሻላል። ቡና የሚያፈሉት ልጆች የትኛው ቀን ምን እንዳለ ያውቃሉ፤ እነሱ ጋ ከሌለም የት እንዳለ ይነግሯችኋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ፣ የመጻሕፍት መደብሮችን ጠይቁ፣ ካፌዎቹ በቴሌግራምና በኢንስታግራም የሚለጥፉትንም ተከታተሉ። ዩኔስኮ በ1999 ማርች 21ን የዓለም የግጥም ቀን ብሎ ስለሰየመው፣ ምንም ማግኘት ካልቻላችሁ በዚያ ሰሞን ፈልጉ።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደውላችሁ አረጋግጡ። እንዲህ ያሉ ዝግጅቶች የሚቆሙት በአንድ ሁለት ሰው ጉልበት ስለሆነ፣ መሪው ከታመመ ምሽቱም ይቀራል።

ብቻዬን ብሄድ አያስጠላም?

አያስጠላም። ብዙ ሰው ብቻውን ነው የሚመጣው። ግጥም ሲነበብ ወሬ ስለሌለ የምታወሩት ሰው አጥታችሁ አትቸገሩም፤ ከጓደኛ ጋር ሲመጣ እንዲያውም ሹክሹክታው ያስቸግራል። በእረፍቱ ሰዓት ወሬ መጀመር ከፈለጋችሁ «ያቺ ስለ በሩ ያነበበችው ግጥም ደስ አለችኝ» ማለት ይበቃል።

ስንት ሰዓት ልድረስ? የትስ ልቀመጥ?

ከተባለው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ሰዓት ለማክበር ብቻ አይደለም ይህን የምላችሁ፤ ቡናችሁን ንባቡ ሳይጀመር እንድታዙ ነው። የቡና ማሽኑ እንፋሎት ሲለቅ የሚያሰማውን ታውቁታላችሁ አይደል? ያ ድምፅ አንድን ስንኝ ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ልማዱ ያላቸው ሰዎች ወይ ቀድመው ያዛሉ፣ ወይ እረፍት ይጠብቃሉ። ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ በሩ ላይ ቆዩና ጭብጨባው ሲጀመር ግቡ።

አቀማመጥን በተመለከተ፣ ቶሎ መውጣት የሚኖርባችሁ ከሆነ በሩ አጠገብ፣ ካልሆነ መሃል ላይ ተቀመጡ። ፊት ያሉት ወንበሮች ባዶ ሲሆኑ አንባቢው ላይ ይከብዳል። አለባበስ እንደተመቻችሁ።

መክፈል አለብኝ? ቡና መግዛትስ ግዴታ ነው?

አብዛኛው ነጻ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ትንሽ የመግቢያ ያስከፍላሉ ወይም በእረፍት ላይ ሳጥን ያዞራሉ። ቡና ግዙ ብሎ የሚያስገድዳችሁ ብዙ ጊዜ የለም፣ ግን ግዙ። የካፌው ባለቤት ጠረጴዛዎቹን ለሁለት ሰዓት ለግጥም የለቀቀው ሌላ ደንበኛ ትቶ ነው። ሰላሳ ሰው ገብቶ ሦስት ሰው ብቻ ከጠጣ የሚቀጥለው ወር ላይ ምሽቱ አይኖርም።

መቼ ነው የሚጨበጨበው?

ግጥሙ ሲያልቅ። ማለቁን በምን አውቃለሁ ካላችሁ፣ አንባቢው ቀና ብሎ ያያችኋል፣ ወይ ወረቀቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ወይ «አመሰግናለሁ» ይላል። በሁለት ስንኝ መካከል ዝም ሲል ግን አልጨረሰም፤ ያ ዝምታ ከግጥሙ ጋር አብሮ የተጻፈ ነው። ከተጠራጠራችሁ አንድ ትንፋሽ ጠብቁ።

በመሃል በአውራ ጣታቸውና በመሃል ጣታቸው ጧ ጧ የሚያደርጉ ሰዎች ልታዩ ትችላላችሁ። ይህ ልማድ በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ካፌ ያዘወትሩ ከነበሩ ገጣሚዎች ጋር ተያይዞ ይነሳል። ጭብጨባ የሚቀጥለውን ስንኝ ይሸፍነዋል፣ ይሄ ግን አይሸፍነውም። ጣት ማስጮህ የማይመቻችሁ ከሆነ ቤቱ ደህና አድርጎ ሲመታ ከአፋችሁ የምታመልጥ አንዲት «እሰይ» ለአንባቢው ትልቅ ስጦታ ናት።

ግጥሙ ካልገባኝስ?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በጆሮ የሚሰማ ግጥም ወደ ኋላ ተገልጦ አይነበብም። አለፈ ማለት አለፈ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ለመያዝ አትሞክሩ፤ ሁሉንም ለመያዝ የሚሞክር ሰው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቆሞ ሲያስብ አራተኛው እስከ አሥረኛው ያመልጡታል። አንድ ነገር ያዙ። አንድ ምስል፣ አንድ ቃል፣ አንድ ደጋግሞ የሚመጣ ሐረግ። ቀሪው ይለፍ።

ሰምና ወርቅ ያለበት ግጥም ሲሆን ደግሞ ባይገባችሁ አይገርምም፣ እንዲያመልጥ ሆኖ ነው የተሠራው። «ተማረ» የምትለዋን ቃል ውሰዱ። ትምህርት ቀሰመ ማለት ናት፤ ምሕረት አገኘ ማለትም ናት። ገጣሚው ስለ አንድ ተማሪ እያወራ ይመስላችኋል፣ እሱ ግን ይቅር ስለተባለ በደለኛ ነው የሚናገረው፤ ይሄ የሚገባችሁ ምናልባት ማታ ጫማችሁን ስታወልቁ ነው። እኔ እንዲህ ዘግይቶ የደረሰኝን ስንኝ ቶሎ ከገባኝ የበለጠ ነው የምወደው።

ያልገባችሁን በእረፍት ላይ አንባቢውን ጠይቁት። «ትርጉሙን ንገረኝ» ግን አትበሉት፣ ያንን መመለስ ለራሱም ይከብደዋል። «ያ ወንበር ባዶ ሆኖ የቀረው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ስለ አንድ ነገር ብትጠይቁት ዓይኑ ይበራል።

ፎቶና ቪዲዮ ማንሳት ይቻላል?

ሳትጠይቁ አይቻልም። እዚያ የሚነበበው ብዙ ጊዜ ያላለቀ ሥራ ነው፣ አንዳንዱም ለቤተሰብ ያልተነገረ ነገር የያዘ ነው። አንድ ሰው ሃያ ሰው ፊት ለማንበብ ወሰነ ማለት ቲክቶክ ላይ ለመታየት ወሰነ ማለት አይደለም። ንባቡ ሳይጀመር ለራሱ ለአንባቢው «ልቅረጽህ?» በሉት። ካነሳችሁም በኋላ ለመለጠፍ ሌላ ፈቃድ ጠይቁ።

ስልካችሁን ድምፁን ብቻ ሳይሆን ብርሃኑንም አጥፉት። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ከታች የበራ ፊት ከመድረኩ ላይ ወለል ብሎ ነው የሚታየው።

እኔም ማንበብ ብፈልግ ምን ላድርግ?

ኦፕን ማይክ ከሆነ በሩ አጠገብ ወይም መድረክ መሪው እጅ ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት አለ። ስማችሁን ጻፉ፣ ሙሉ ስም አያስፈልግም፣ የብዕር ስምም ይሆናል። አንዳንድ ቦታ ቀደም ብሎ በስልክ ይመዘግባሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነቡ ከሆነ ለመሪው በጆሮው ንገሩት፤ ደህና መሪ ከሆነ ከብርቱ አንባቢ ቀጥሎ አይጠራችሁም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ያለው ተራ ጥሩ ነው፣ ጆሮው ሞቋል፣ ገና አልደከመም።

ብትችሉ ግን የመጀመሪያውን ጊዜ ለመስማት ብቻ ሂዱና ሁለተኛው ላይ አንብቡ። ክፍሉ ምን ያህል እንደሚያስተጋባ፣ ማይኩ ምን እንደሚመስል፣ ሰዉ ምን ሲሰማ እንደሚስቅ አይታችሁ ስትመጡ ግማሹ ፍርሃት ቤት ይቀራል።

ስንት ግጥም ላንብብ?

የተሰጣችሁን ደቂቃ ጠይቁ። የተለመደው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው፣ ይህም አንድ ወይም ሁለት ግጥም ማለት ነው። ቤት ውስጥ ድምፃችሁን አውጥታችሁ በስልክ ሰዓት ለኩት፤ በልብ ማንበብ ፈጣን ስለሆነ ያታልላችኋል። መግቢያ ወሬውንም ጨምራችሁ ለኩ! የሁለት ደቂቃ ግጥም ለማንበብ አራት ደቂቃ ታሪኩን የሚያወራ ሰው አለ። ደቂቃ ማሳለፍ ከሌላ ሰው ተራ ላይ መውሰድ ነው፤ መጨረሻ ላይ የተመዘገበችው ልጅ እጇ ላይ ወረቀቷን አጥፋ ይዛ ሳታነብ ወደ ቤቷ ስትሄድ አይቻለሁ፣ እሱን ካየሁ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ከወረቀት፣ ከስልክ ወይስ በቃል?

ወረቀት ይሻላል እላለሁ። በትልቅ ፊደል ያትሙት፣ መስመሮቹን አራርቁ፣ ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፉት፤ ስስ ወረቀት ብቻውን ሲያዝ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም በማይኩ ይሰማል። ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ ስክሪኑ በራሱ የሚጠፋበትን ጊዜ አርዝሙት፣ ጥሪ እንዳይገባም ዝጉት። በቃል ማንበብ ግሩም ነው፣ ግን ወረቀቱን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።

አማርኛ ለሚያነብ አንድ የተለየ ምክር አለኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ራሱ ይበላል፣ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ይበላዋል። ራሳችሁ የጻፋችሁትም ቢሆን በድንጋጤ ሰዓት ተሳስታችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። አሻሚ ቃል ላይ ቀድማችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ትንፋሽ የምትወስዱበት ቦታ ላይም አንድ ሰረዝ።

ድምፄ ቢንቀጠቀጥስ?

ይንቀጠቀጥ። አድማጩ ከምታስቡት በጣም ያነሰ ነው የሚሰማው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ግን በቃላችሁ አጥኑ፣ ፍርሃቱ የሚበረታው እዚያ ላይ ነውና ዓይናችሁ ወረቀት ላይ እስኪረጋ ድረስ አፋችሁ መንገዱን ያውቅ። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱንም እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉና አንዴ በደንብ ተንፍሱ። ከዚያ ዘገም አድርጉት። የጀማሪ ትልቁ ስህተት ድምፁ መንቀጥቀጡ ሳይሆን መሮጡ ነው።

«ትናንት ማታ ነው የጻፍኩት፣ ብዙም አይደለም፣ ይቅርታ» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰዉ ሊሰማችሁ ወንበሩን አስተካክሎ ሳለ አትስሙኝ ማለት ነው። ርዕሱን በሉ፣ ግጥሙን አንብቡ፣ አመስግናችሁ ተቀመጡ።

ማይክ ይዤ አላውቅም፣ እንዴት ነው?

ከአፋችሁ አንድ ጭብጥ ያህል ራቅ አድርጉት፣ ትንሽም ከአገጫችሁ ዝቅ ይበል። ቀጥታ አፍ ፊት ሲሆን «ፐ» እና «ጰ» ያለባቸው ቃላት ላይ ይፈነዳል። ራሱን በእጃችሁ አትሸፍኑት፣ ይጮህባችኋል። ለመሞከር አትምቱት፣ አትንፉበትም፤ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት ይበቃል። ቁመቱ ካልተስማማችሁ ከመጀመራችሁ በፊት አስተካክሉት፣ ማንም አይቸኩልም።

የሌላ ሰው ግጥም ማንበብ ይቻላል?

ብዙ ቦታ ይቻላል፣ መሪውን ጠይቁ። ግዴታው አንድ ነው፦ የገጣሚውን ስም ከማንበባችሁ በፊት ተናገሩ። ስሙ በመጨረሻ ሲነገር ሰዉ የእናንተ መስሎት ሲያደንቃችሁ ቆይቷል። ቀርጾ መለጠፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስላም ላይ ደግሞ የሚፈቀደው የራስ ሥራ ብቻ ነው።

ስላም ምንድን ነው? ለእኔስ ይሆናል?

የግጥም ውድድር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቺካጎ ውስጥ ማርክ ስሚዝ የሚባል፣ የግንባታ ሠራተኛ የነበረ ገጣሚ ጀመረው፤ ንባቦቹ ደብዛዛ ሆነውበት፣ ታዳሚው ድምፁን እንዲያሰማ ፈልጎ ነው። ከ1986 ጀምሮ ግሪን ሚል በሚባል የጃዝ ክለብ ይካሄድ ጀመር። በተለመደው ደንብ አንድ ሰው ሦስት ደቂቃ አለው። ከታዳሚው መካከል በዘፈቀደ የተመረጡ አምስት ዳኞች ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ፣ ትልቁና ትንሹ ነጥብ ወጥተው ሦስቱ ይደመራሉ። ስለዚህ ጣሪያው 30 ነው። ሙዚቃና ቁሳቁስ አይፈቀድም።

ለመመልከት ደስ ይላል፣ ክፍሉ ይሞቃል። ለመጀመሪያ ንባብ ግን አልመክረውም። ነጥቡ የተነበበበትን መንገድና የዳኞቹን ስሜት ነው በብዛት የሚለካው፤ በዝግታ የሚበስል፣ ቀስ የሚል ግጥም 21 አግኝቶ ሲቀመጥ አይቻለሁ፣ እስከ ዛሬ የማስታውሰው ግን እሱን ነው።

ግጥሜ በጣም የግል ነው፣ ሐዘን አለበት። ላንብበው?

እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ካነበብኩት በኋላ ሰዉ ዝም ቢል ቆሜ ወደ ወንበሬ መሄድ እችላለሁ? ከቻላችሁ አንብቡት። ቁስሉ ገና እርጥብ ከሆነና ክፍሉ እንዲሸከማችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ግን ቆዩ፣ ለአንድ ለምታምኑት ሰው መጀመሪያ አንብቡለት። አንዲት ልጅ ስለ አባቷ የእጅ ሰዓት አነበበች። አባቷ ከሞተ በኋላ ሰዓቱ ሦስት ቀን መሥራቱን፣ እሷም ድምፁ እንዳይሰማት መሳቢያ ውስጥ በፎጣ ጠቅልላ መደበቋን። ስለ ማልቀስ አንድም ቃል አልነበረበትም። ዓመት ካለፈው በኋላ እንደጻፈችው ነገረችን።

ግጥሙ ጥቃትን ወይም ራስን ማጥፋትን የሚያነሳ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ለመውጣት የፈለገ ይውጣ። በሕይወት ያለ ሰው የሚታወቅበትን ነገርም ቀይሩ፤ እሱ እዚያ ቆሞ መልስ መስጠት አይችልም።

ጓደኛዬ ያነበበውን አልወደድኩትም። ምን ልበለው?

አትዋሹ፣ ግን ያንን ሰዓት አትምረጡ። ሰው ከማይክ ሲመለስ ልቡ ገና እየመታ ነው። በእውነት የነካችሁን አንድ ነገር ፈልጉ፣ አንድ ስንኝም ቢሆን፣ እሱን ጥቀሱለት። «ምርጥ ነበር» ከሚለው ይልቅ «እዚያ በሩን ስትዘጋው የተናገርክበት ቦታ ላይ ደንገጥ አልኩ» ማለት ለአንድ ወር ያኖረዋል። አስተያየት በሌላ ቀን፣ እሱም ከጠየቀ ብቻ።

ካነበብኩት በኋላ ቢሰረቅብኝስ?

ግጥም የራሳችሁ ለመሆን ምዝገባ አያስፈልገውም። በ1886 የተፈረመው፣ የደራሲዎችን መብት የሚጠብቀው የበርን ስምምነት በሚሠራባቸው አገሮች መብቱ ያለ ምንም ምዝገባ ይገኛል። የጻፋችሁበት ቀን የሚታወቅበት ቅጂ ግን ይኑራችሁ፤ ለራስ በኢሜይል የተላከ ረቂቅም አይከፋም። እውነቱን ለመናገር ግን ጀማሪ ገጣሚ ላይ ከሌባ ይልቅ የሚደርሰው ጉዳት ግጥሙ ሳይሰማ መሳቢያ ውስጥ መቅረቱ ነው።

መጽሔት ላይ ለማሳተም ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድምፅን አውጥቶ ማንበብ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መታተም አይቆጠርም፤ ሙሉውን ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ግን ለአንዳንድ አዘጋጆች ይቆጠራል።

እኛ ጋ ስምንት ሰው ብቻ ነው የሚመጣው። ዋጋ አለው?

በጣም አለው። ኒውዮርክ ውስጥ ዛሬ ስሙ የገነነው ኑዮሪካን ፖየትስ ካፌ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሚጌል አልጋሪን የሚባል ገጣሚ መኖሪያ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የተጀመረው። ስምንት ሰው ሲሆን ማይኩን ዝጉና ወንበሮቹን ክብ አድርጉ። ሁለት ዙር አንብቡ። በትልቅ ምሽት የማይሆነው ነገር ይሆናል፦ አንዱ «እስኪ ያቺን እንደገና» ይላል፣ ትደገማለች።

ሦስት ጊዜ አነበብኩ፣ ጭብጨባ እንጂ ማንም ምንም አላለኝም። መጥፎ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ሰው አፍሮ ነው ብዙውን ጊዜ፤ ወይም ምን እንደሚባል አያውቅም፤ ወይም አንዷ ስንኝ ውስጡ ገብታ ገና እያሰበባት ነው። እኔ ካነበብኩ ከአምስት ወር በኋላ አንድ ሰው ታክሲ ውስጥ አግኝቶኝ ከግጥሜ ሁለት ስንኝ አሳስቶ ጠቀሰልኝ። ያሳሳተው ቃል ከእኔው የተሻለ ስለነበር ቀየርኩት።

መስማት ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ጠይቁ፣ ግን «እንዴት ነበር?» አትበሉ፣ መልሱ «አሪፍ» ነው የሚሆነው። ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሰው ምረጡና «የትኛው ቦታ ላይ ጠፋሁብህ?» በሉት። ያሳያችሁን ቦታ በእርሳስ አክብቡት፣ ወረቀቱንም ለሚቀጥለው ምሽት ይዛችሁ ኑ።